በጣና ላይ የሚግል ሞተር

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደጀን በኩል ወደ ዓባይ በረሃ የወረደና ድልድዩን ተሻግሮ የጎሐ ጽዮንን ዳገት የወጣ መንገደኛ ሁሉ፣ በየመታጠፊያው ዳር ኮፈናቸውን ከፍተው የቆሙ የጭነት መኪናዎችን፣ ከራዲያተራቸው የሚተነውን ነጭ እንፋሎትና ጄሪካን ይዘው ውኃ የሚፈልጉ ረዳቶችን ሳያይ አያልፍም። ከወንዙ እስከ አምባው ከአንድ ሺህ ሜትር የሚበልጥ አቀበት፣ ሙሉ ጭነት፣ ከባድ ማርሽና የበረሃ ፀሐይ በአንድነት ሲገናኙ ሞተር መፍላቱ ለሁሉ የታወቀ ስለሆነ ማንም ስለ ምክንያቱ አይከራከርም። በዚሁ በጎጃም ምድር ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደቅና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ የሚሄድ ጀልባ ሞተሩ ግሎ በሐይቁ መካከል ቆመ ሲባል ግን ሰሚው ይደነቃል። አቀበት በሌለበት፣ ነፋስ እንደ ልቡ በሚነፍስበት፣ በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ የሚበልጠው ውኃ ከታችም ከግራም ከቀኝም በተኛበት ስፍራ፣ ሞተር እንዴት ውኃ አጥቶ ይቃጠላል?

ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ለሞተሩ የሚጠቅመው ግን በጠባብ ወንፊት በኩል ገብቶ፣ በብረቱ ሆድ ውስጥ ባሉት ቀጫጭን መተላለፊያዎች ዞሮ፣ ግለቱን ተሸክሞ የሚወጣው ጥቂት ውኃ ብቻ ነው። የዚያ ውኃ መንገድ ከአፉ እስከ መውጫው ባለው ርቀት በአንድ ስፍራ ከተዘጋ ወይም ከጠበበ፣ የቀረው ሐይቅ በሙሉ ለሞተሩ እንደሌለ ይቆጠራል። ስለዚህ የጋለ የጀልባ ሞተር መንሥኤውን ለማግኘት የሚሻ ሰው ይህን የውኃ መንገድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሥርዓት እየተከተለ ሊመረምር ይገባዋል። የጣና ከፍታ፣ ደለሉና አረሙ ምርመራውን በሌላ አገር ባሕር ላይ ከሚደረገው ይለዩታልና፣ ከሞተሩ ጋር ከውጭ አገር የመጣውን የመመሪያ መጽሐፍ ማንበብ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም።

ግለት ለሞተር የባሕርዩ ነው። ነዳጅ በሲሊንደሩ ውስጥ ሲነድ የሚፈጠረው ጋዝ ለቅጽበት ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል፤ ፒስቶን የሚሠራበት አሉሚኒየም ግን ንጹሕ ሲሆን በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። ከነዳጁ ከሚገኘው ኃይል በግምት ሢሶው ለሥራ ሲውል ሢሶው ከጢሱ ጋር በማርሚታው ይወጣል፤ የቀረው ሢሶ የሞተሩን ብረት እያጋለ ስለሚቀር ውኃ ተሸክሞ ሊያወጣው ግድ ነው። አባቶቻችን ሊቃውንት ሥጋ የተገኘባቸውን አራቱን ባሕርያት፣ ነፋስን፣ እሳትን፣ ውኃንና መሬትን ሲያስተምሩ፣ እሳትና ውኃ በጠባያቸው ጠላቶች ሆነው ሳሉ በአንድ ሥጋ ተስማምተው መኖራቸውን ከፈጣሪ ጥበብ ይቆጥሩታል። በሞተር ውስጥም እነዚህ ሁለቱ በጥቂት ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ብረት ብቻ ተለያይተው፣ በዚህ በኩል እሳቱ በዚያ በኩል ውኃው እየተመላለሱ ይሠራሉ፤ ውኃው በቀረ ጊዜ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ፒስቶኑ ያብጣል፣ በመጨረሻም ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል።

እዚህ ላይ የደጋ ሰው ከምድጃው ዳር የሚያውቀው አንድ ነገር ይገባል። በባሕር ወለል 100 ዲግሪ ሲደርስ የሚፈላው ውኃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ በሆነው በጣና ዳር በ94 ዲግሪ ገደማ፣ ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነችው በደብረ ማርቆስ ደግሞ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባቄላና ሽምብራ በደጋ ዘግይቶ የሚበስለው ውኃው ቢፈላም ግለቱ ከቆላው ስለሚያንስ ነው። ለእህሉ መዘግየት የሆነው ይህ ሕግ ለሞተሩ የአደጋ መቅረብ ይሆንበታል፤ በ82 ዲግሪ ሊሠራ የተዘጋጀ ሞተር በባሕር ወለል ውኃው እስኪፈላ ድረስ 18 ዲግሪ ያህል መጠባበቂያ ሲኖረው፣ በጣና ላይ የሚቀረው 12 ብቻ ነውና።

ይህን መጠባበቂያ የሚያሰፋው የማቀዝቀዣው ክዳን ነው። ክዳኑ በውስጡ ባለው ሞላና ጎማ እንፋሎቱን አፍኖ ግፊት ስለሚጨምር ውኃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል፤ 0.9 ባር የሚጨምር ክዳን የተገጠመለት ሞተር በባሕር ወለል ውኃውን እስከ 119 ዲግሪ ገደማ ሳያፈላ ሲያቆይ፣ በጣና ላይ እስከ 115 ገደማ ያቆየዋል። ጎማው የደረቀ ወይም ሞላው የላላ ክዳን ግን ግፊቱን አይዝም፤ ሞተሩም ወዲያው ወደ 94 ዲግሪው ወሰን ይመለሳል። ዋጋው ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት የሆነው ይህ ክዳን በደጋ አገር ካለው ጥቅም አንጻር፣ በሌላ ክዳን ወይም በጨርቅ ተክተው የሚሄዱ ነጂዎችን ማየት ያሳዝናል።

ከፍታው ከዚህ ሌላ የሚወስደው አለ። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታው በየ300 ሜትሩ በጨመረ ቁጥር ከመቶ ሦስት ያህል ኃይሉን ስለሚያጣ፣ በወረቀቱ ላይ 40 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ሞተር በጣና ላይ የሚሰጠው ወደ 33 ገደማ ነው። ባለ ጀልባው ግን ጭነቱን በወረቀቱ ቁጥር ይለካል፤ መቅዘፊያውንም በባሕር ወለል እንዲሠራ የተመረጠውን እንዳለ ይገጥመዋል። በየካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት በዓል ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚጓዘው ምእመን በአንድ ጀልባ ላይ ሲጨናነቅ ሞተሩ ነዳጁ እስከ መጨረሻው ተለቅቆለት እንኳ የሚገባውን የዙር ፍጥነት ሊደርስ አይችልም። ብዙ ነዳጅ እየነደደ ዙሩ ካነሰ፣ ውኃ የሚገፋው ፓምፕም የሚዞረው በሞተሩ ዙር ልክ ስለሆነ፣ እሳቱ በበዛበት ሰዓት ውኃው ያንሳል። እንዲህ ያለው ግለት አንዳች የተበላሸ ዕቃ ሳይኖር የሚመጣ ነውና፣ ፈውሱ ጭነት መቀነስና በአንድ ዙር የሚገፋው ርቀት ያነሰ መቅዘፊያ መግጠም ነው።

አሁን ወደ ውኃው መንገድ እንግባ። በጣና ላይ ከሚሄዱት ትናንሽ የመንገደኛ ጀልባዎች ብዙዎቹ ከኋላ የሚንጠለጠል የቤንዚን ሞተር አላቸው፤ ይህ ሞተር ውኃውን በእግሩ በኩል ካለው ወንፊት በቀጥታ ከሐይቁ ስቦ፣ በሲሊንደሮቹ ዙሪያ አዙሮ መልሶ ወደ ሐይቁ ይጥለዋል። ከሚወጣው ውኃ ጥቂቱ ከሞተሩ ጎን ባለች ትንሽ ቀዳዳ በኩል ቀጭን ሆኖ ሲወረወር ይታያል፤ ይህም ለነጂው ውኃው እየዞረ መሆኑን እንዲመሰክርለት ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ትልልቆቹ የብረት ጀልባዎች ደግሞ በሆዳቸው የተቀመጠ የናፍታ ሞተር ስላላቸው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የውኃ መንገድ አላቸው፤ አንዱ እንደ መኪና በሞተሩ ውስጥ ብቻ የሚዞር ንጹሕ ውኃ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሐይቁ ተስቦ የመጀመሪያውን ውኃ በቱቦዎች ግድግዳ በኩል እያቀዘቀዘ ከጢሱ ጋር የሚወጣው ነው። በእነዚህ ጀልባዎች የምስክርነቱን ቦታ የሚይዘው ከጢስ መውጫው ጋር የሚፈሰው ውኃ ነው፤ መጠኑ ካነሰ ወይም በውኃ ፋንታ እንፋሎት ከበዛ፣ ጉድለቱ በሐይቁ ውኃ መንገድ ላይ ነው። ከጢሱ ጋር የሚወጣው ውኃ እንደ ወትሮው ሆኖ ሞተሩ ከጋለ ግን አብዛኛውን ጊዜ በንጹሑ ውኃ መንገድ ላይ መፈለግ ይገባል። ይህ አንድ መለያ ብቻ ከምርመራው ድካም ግማሹን ያቀልላል።

የግለት መለኪያው ወደ ቀዩ ሲጠጋ፣ ማንቂያው ሲጮህ፣ ወይም የተቃጠለ ቀለምና ጎማ ሲሸት፣ ነጂው አስቀድሞ ነዳጁን ይቀንስ፤ ወዲያው ዐይኑን ወደ ወራጁ ውኃ ያዙር። ውኃው የሚወርድ ከሆነ ሞተሩን ማርሽ አውጥቶ ለጥቂት ደቂቃ በዝግታ ማስኬድ ይሻላል፤ በድንገት ቢጠፋ ፓምፑም አብሮ ስለሚቆም በብረቱ ውስጥ የተከማቸው ግለት መውጫ ያጣልና። ውኃው የማይወርድ ከሆነ ግን አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይዘገይ ማጥፋት፣ መልህቅ መጣልና መንገደኞቹ ሁሉ የሕይወት አድን ጃኬታቸውን አጥልቀው በየቦታቸው እንዲቀመጡ ማድረግ ይገባል። በጣና ላይ ከቀትር በኋላ ነፋሱ እየበረታ ማዕበል ስለሚነሣ፣ ኃይል አጥቶ ጎኑን ለማዕበል የሰጠ ጀልባ ከጋለው ሞተር የከፋ አደጋ ይጠብቀዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። የጋለ ማቀዝቀዣን ክዳን የሚከፍት ሰው በግፊት ታፍኖ የኖረውን ውኃ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ በፊቱ ላይ ይቀበለዋል፤ በዓባይ በረሃ መንገድ ዳር በዚህ ምክንያት ፊታቸውና እጃቸው የተቃጠለ ረዳቶች ታሪክ ለሾፌሮች እንግዳ አይደለም። በጋለ ብረት ላይ የሐይቁን ቀዝቃዛ ውኃ መድፋትም ቴስታውን ሊሰነጥቅ ይችላል። እጅ በሞተሩ ላይ ያለ ችግር ማረፍ እስኪችል ድረስ መጠበቅ፣ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያም በላይ ቢወስድ እንኳ፣ ከሁሉ የሚቀድም ሕግ ነው።

ሞተሩ ሲበርድ ምርመራው ከአፉ ይጀመር። በጣና ላይ እጅግ ብዙው ምክንያት በዚያ ይገኛልና። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ላይ መታየት የጀመረውና ከደቡብ አሜሪካ የመጣው እምቦጭ፣ በተለይ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ተንሰራፍቶ ሰዎችን፣ ከብቶችንና ዓሣ አስጋሪዎችን ያስቸገረ አረም መሆኑን አንባቢ ያውቃል፤ ለሞተር የሚያደርገው ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። ከቅጠሉ በታች የሚንጠለጠሉት የረቀቁ ጥቁር ሥሮች በመቅዘፊያው ተቆራርጠው በወንፊቱ ላይ ሲነጠፉ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ይደፍናሉ፤ ፓምፑ በሚስብበት ጊዜም ይበልጥ ይጣበቃሉ። ሞተሩ ሲጠፋ ስቦ የያዛቸው ኃይል ስለሚቀር አንዳንዶቹ ተላቅቀው ይሄዳሉ፤ ነጂውም ሲያየው ንጹሕ ሆኖ ያገኘዋል፣ አስነሥቶ ጥቂት እንደሄደ ደግሞ እንደገና ይግላል። መጋሉ እየተመላለሰ መንሥኤው ግን ሲታይ የማይገኝ ከሆነ፣ ይህን መጠርጠር ይገባል። ከአረሙ ሌላ የፌስታል ቁራጭ፣ የዓሣ መረብ ክርና የደንገል ፍቅፋቂም ይህንኑ ያደርጋሉ። ከኋላ የሚንጠለጠለውን ሞተር ወደ ላይ አንሥቶ ወንፊቱን በእጅና በቀጭን ሽቦ ማጽዳት፣ በመቅዘፊያው ዘንግ ላይ የተጠመጠመ ክር እንዳለም ማየት ቀላል ሥራ ነው። በሆድ ውስጥ ለተቀመጠው ሞተር ደግሞ የውኃ መግቢያውን ቧንቧ ዘግቶ ማጣሪያውን አውጥቶ ማጠብ፣ ሲመልሱትም ክዳኑ አየር እንዳያስገባ ጎማውን በደንብ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ አየር የሚስብ ፓምፕ ውኃ አይስብምና።

ከአረሙ ቀጥሎ ያለው ደለል ነው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ጥቂት ልቆይ። ግልገል ዓባይ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ምንጭ ተነሥቶ የጎጃምን ማሳ እያቋረጠ፣ ጉማራና ርብ ከምሥራቅ፣ መገጭ ከጎንደር በኩል ወደ ጣና ሲገቡ በክረምት ቀለማቸው የአፈር ነው። ያ አፈር ሐይቁን ከማሳነሱም በላይ፣ ከውኃው ጋር በሞተሩ እየገባ የፓምፑን ጎማ ይፍቃል፣ በጠባቦቹ መተላለፊያዎች ውስጥም እየተቀመጠ ቀስ በቀስ ይጋገራል። ሐይቁ ዝቅ ባለ ጊዜ ደግሞ መቅዘፊያው የታችኛውን ጭቃ እያማሰለ ወደ ወንፊቱ ይልከዋል። በ1995 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የጣና ወለል እጅግ ወርዶ ትልልቆቹ ጀልባዎች ለወራት ጉዞ እስከ ማቋረጥ መድረሳቸው የሚታወስ ነው፤ ጥልቀቱ በትልቁ ስፍራ እንኳ ከ15 ሜትር የማይበልጥ ሐይቅ በዳርቻው ምን ያህል እንደሚያንስ ከዚህ ይታወቃል። የሰከላ ገበሬ ማሳውን በእርከን ሲጠብቅ የዘጌን ጀልባ ሞተር አብሮ እየጠበቀ መሆኑን ባለ ጀልባዎቹ ቢያስቡት፣ የእርከን ሥራ የሌላ ሰው ጉዳይ አይመስላቸውም ነበር።

ወንፊቱ ንጹሕ ሆኖ ውኃው ካልወረደ፣ ተራው የፓምፑ ነው። በውስጡ ኢምፔለር የሚባል ተጣጣፊ የጎማ ክንፍ አለ፤ ይህ ክንፍ የሚለሰልሰው በሚገፋው ውኃ ስለሆነ በደረቁ ሲዞር በአጭር ጊዜ ውስጥ ይቃጠላል። ሞተሩን ከውኃ አውጥቶ «ድምፁን ለመስማት» ማስነሣት፣ ወይም ጀልባው በአሸዋ ላይ ሳለ ለሙከራ ማንቀሳቀስ፣ ለዚህ ክንፍ ሞት ነው። ክንፎቹ የተጠማዘዙ፣ የተሰነጠቁ ወይም የጎደሉ ከሆነ መለወጥ ብቻ አይበቃም፤ የጎደለው የጎማ ቁራጭ ወደ ፊት ሄዶ በቴርሞስታቱ ወይም በማቀዝቀዣው ቱቦ አፍ ላይ ተቀርቅሮ ስለሚገኝ፣ የወደቁት ቁራጮች ተፈልገው፣ ከአሮጌው ክንፍ ጋር ተገጣጥመው፣ አንድም ሳይቀር መገኘታቸው መረጋገጥ አለበት። ይህን ባለማድረግ አዲስ ክንፍ ገጥሞ ሞተሩ እንደገና ሲግልበት ጥፋቱን በዕቃው ጥራት የሚያላክክ መካኒክ ጥቂት አይደለም። በደለላም ውኃ የሚሠራ ኢምፔለር ሳይሰበርም በፍቀት ስለሚያንስ፣ አምራቹ ካዘዘው ቀን አስቀድሞ በዓመት አንድ ጊዜ ክረምት ሲወጣ መለወጥ የጣና ጀልባ ልማድ ሊሆን ይገባል።

ከፓምፑ ቀጥሎ ቴርሞስታት አለ፤ ሞተሩ ተገቢውን ሙቀት እስኪያገኝ ውኃውን የሚገታ፣ ሲያገኝ የሚለቅ በር ነው። በአገራችን መካኒኮች ዘንድ የተለመደ አንድ ነገር ግን፣ ሞተር በጋለ ቁጥር ይህን በር አውጥቶ መጣል ነው፤ ግለቱም ለጊዜው ይበርዳል፣ ባለቤቱም ያመሰግናል። እኔ ግን ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ። ያለ ቴርሞስታት የሚሄድ ሞተር ዘወትር ከሚገባው በታች ቀዝቅዞ ስለሚሠራ ነዳጁ ሙሉ በሙሉ አይነድም፣ ያልነደደው በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥናል፣ ፒስቶኑና ቀለበቶቹም ያለ ጊዜያቸው ያልቃሉ። ከዚህም በላይ የተደፈነው መተላለፊያ ወይም ያረጀው ፓምፕ እንዳለ ሆኖ ምልክቱ ብቻ ይሸፈናል፤ በበዓል ቀን ጭነት ሲበዛ ያ የተሸፈነው ጉድለት በሐይቁ መካከል ይገለጣል።

ቴርሞስታትን መፈተን ቀላል ነው፤ ውኃ በተሞላ ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥሎ ከቴርሞሜትር ጋር እያሞቁ በስንት ዲግሪ እንደሚከፈት መመልከት ነው። በደጋ አገር ግን ይህ ፈተና አንድ ወጥመድ አለበት። በላዩ 92 ወይም 95 ተብሎ የተቀረጸ ቴርሞስታት፣ ውኃው በ92 ዲግሪ በሚፈላባት በደብረ ማርቆስ ድስት ውስጥ እስኪመሽ ቢቀቀል በሙሉ ሊከፈት አይችልም፤ ውኃው ከዚያ በላይ አይግልምና። መካኒኩም ደህናውን ዕቃ ሞቷል ብሎ ይጥለዋል። በላዩ የተጻፈው ቁጥር ከአገሩ የመፍላት ወሰን የሚጠጋ ወይም የሚበልጥ ከሆነ፣ ፈተናው በግፊት ማብሰያ ሳይሆን በምግብ ዘይት ውስጥ በጥንቃቄ ቢደረግ እውነቱ ይታወቃል። የጀልባ ሞተሮች ቴርሞስታት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ዝቅ ባለ ዲግሪ የሚከፈት ስለሆነ በባሕር ዳር ይህ ችግር ብዙም አያጋጥምም፤ የመኪና ሞተር በጀልባ ላይ የገጠመ ሰው ግን ሊያስበው ይገባል።

የቀሩትን ባጭሩ ልለፋቸው። ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቶ ወይም አልቆ ከሆነ በጣት ተጭኖ ይታወቃል። ጎማ ቱቦዎቹ ሲጨመቁ የሚንኮሻኮሹ ወይም የተለሰለሱ ከሆኑ፣ ፓምፑ ሲስብ ግድግዳቸው ተጣብቆ መንገዱን ይዘጋል። ንጹሑ ውኃ በአዲስ ከተሞላ በኋላ ሞተሩ ከጋለ፣ በውስጡ አየር ታፍኖ እንዳይሆን መተንፈሻውን ከፍቶ ማስወጣት ነው። ዘይቱ የጎደለ ሞተርም በሰበቃ ይግላልና መለኪያ ዘንጉን ማየት አይረሳ። አንዳንድ ጊዜም የሚዋሸው መለኪያው ራሱ ነው፤ ወራጁ ውኃ ብርቱ ሆኖ ሲነካ ለብ ያለ ብቻ ከሆነና መርፌው በቀዩ ላይ ከቆመ፣ ሞተሩን ከመፍታት አስቀድሞ ሽቦውንና ሙቀት ለኪውን መመርመር ይገባል።

ከሁሉ የከበደው የቴስታ ጓርኒሲዮን መቃጠል ነው። ንጹሑ ውኃ የሚፈስበት ሳይታይ ሲጎድል፣ ሞተሩ እየሠራ በማቀዝቀዣው ውስጥ አረፋ ሲፈላ፣ ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት መስሎ ሲነጣ፣ ከማርሚታውም የማይቋረጥ ነጭ ጢስ ሲወጣ፣ እሳቱና ውኃው የሚለያዩበት ግድግዳ ፈርሷል ማለት ነው። ይህ በሐይቅ ላይ የሚጠገን አይደለም፤ ጀልባው በሌላ ጀልባ ተጎትቶ ወደብ ይግባ፣ ቴስታውም ወርዶ መጣመሙና አለመጣመሙ በቀጥ ያለ ብረት ይለካ። ጓርኒሲዮኑ የሚቃጠለው በአብዛኛው ከዚያ በፊት በተናቀ አንድ የግለት ቀን ምክንያት ስለሆነ፣ እርሱን ለውጦ የመጀመሪያውን መንሥኤ ሳይፈልጉ መሄድ ገንዘብን ወደ ሐይቅ መጣል ነው።

የመለኪያውን ንባብ በየጉዞው በደብተር የሚጽፍ ነጂ፣ ሞተሩ በዚህ ጭነት በዚህ ፍጥነት ዘወትር ስንት ዲግሪ እንደሚያነብ ስለሚያውቅ፣ አምስት ዲግሪ ከፍ ያለች ዕለት ማንቂያው ሳይጮህ ወንፊቱን ያያል። መርፌው ወደ ቀዩ እስኪደርስ የሚጠብቅ ግን መንገደኞቹን ይዞ ይጠብቃል። ወደ ገዳማቱ የሚሄዱት እናቶችና ሽማግሌዎች ስለ ሞተር እንዲያውቁ አይጠበቅባቸውም፤ ከመሳፈራቸው በፊት ግን ሞተሩ ተነሥቶ ውኃው ሲወርድ እንዲታይላቸውና ለእያንዳንዳቸው የሕይወት አድን ጃኬት እንዲሰጣቸው መጠየቅ መብታቸው ነው። የባለ ጀልባ ማኅበራትም በባሕር ዳር ወደብ፣ በዘጌና በጎርጎራ ለየሞተሩ ዓይነት ኢምፔለርና ጓርኒሲዮን፣ ቴርሞስታት፣ የማቀዝቀዣ ክዳን፣ ቺንጋና ጥቂት ሜትር ጎማ ቱቦ በጋራ ገዝተው ቢያስቀምጡ፣ ከእነዚህም ኢምፔለሩና መፍቻው በየጀልባው ሣጥን ውስጥ ሳይኖር ጀልባው ከወደብ እንዳይነሣ ቢወስኑ፣ ወጪው ለአንድ የተቃጠለ ሞተር መጠገኛ ከሚወጣው እጅግ ያነሰ ነው። ይህን ውሳኔ ለማስተላለፍ ደግሞ ከየካቲቱ በዓል በፊት ያለው የጥር ወር ተስማሚ ጊዜ ይመስለኛል።